የፈተና ቀን ሲቀያየር አንኪድሮይድ ምን ያህል ያግዛል?

ፈተናው በአንድ ሳምንት ቀደመ የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ በወረቀት የተሠራ የጥናት ፕሮግራም ከንቱ ይሆናል። አንኪድሮይድ የተባለው የካርድ ማጥኛ መተግበሪያ ዋጋው የሚታወቀው ያኔ ነው። ከፊት ጥያቄ፣ ከጀርባ መልስ ይጻፋል፤ ካርዱ የሚከለስበትን ቀን መተግበሪያው ራሱ ይቆርጣል።

ለአንድሮይድ ነጻ ነው፤ የአይፎኑ አንኪ ግን ወደ 25 ዶላር ይጠጋል። ካርዶቹ ስልኩ ላይ ስለሚቀመጡ ኔትወርክ ቢጠፋም ጥናቱ አይቆምም።

ፈተናው ከቀደመ የካርዶቹን ስብስብ ተጭኖ ይዞ "ከስተም ስተዲ" ውስጥ መግባትና ቀናቸው ያልደረሰውን አስቀድሞ መከለስ ነው። አዲስ ካርድ በቀን 20 ሆኖ ተሞልቶ ይመጣል። አምስት ቀን ሲቀር ወደ 0 ይውረድ፤ አዲስ ካርድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየተመላለሰ የድሮውን ክለሳ ጊዜ ይሻማልና።

ትልቁ ችግር ውዝፍ ነው። ሁለት ሳምንት ያልተከፈተ እንደሆነ ብዙ መቶ ካርድ ተቆልሎ ይጠብቃል፤ ስንቱ ተማሪ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ያጠፋዋል! የቀን ክለሳውን ጣሪያ ከ200 ወደ 60 ዝቅ አድርጎ፣ አዲስ ካርድ አቁሞ፣ በየቀኑ መጨረስ ይበቃል።

አንድ ስሕተት ግን በጣም ይጎዳል። "የሚቶኮንድሪያ ሥራ ምንድን ነው?" ለሚለው መልሱ ጠፍቶ ሳለ "ሃርድ" (ከባድ) የሚለውን ቁልፍ መጫን። መተግበሪያው ያንን "በጭንቅ አስታወሰ" ብሎ ስለሚቆጥረው ካርዱን ያርቀዋል። ለተረሳ ካርድ የሚጫነው "አጌይን" (እንደገና) ነው።

ረጅም ስሌት ላለው ፊዚክስ ካርድ አይመችም፤ እዚያ ደብተርና እስክሪብቶ ይሻላል።