በደንገል ውስጥ ስለሚኖር ዝሆን፦ የአንድ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ግምገማ

ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ብዙም ከማይርቅ የመጻሕፍት መደብር ለስድስት ዓመት ልጄ በ280 ብር የገዛሁት ይህ መጽሐፍ፣ በጣና ዳርቻ ደንገል ውስጥ ስለሚኖር፣ ቁመቱ ከበሬ ስለማይበልጥ የፈጠራ ዝሆን ይተርካል። ደራሲው «ደንገሌ» የሚለው ይህ እንስሳ እግሩ ሰፊ ስለሆነ ረግረግ ውስጥ አይሰምጥም፤ ቀኑን ከፀሐይ ተሸሽጎ ይውልና ጉማሬዎች ለግጦሽ ወደ የብስ በሚወጡበት ሰዓት እሱ ወደ ውኃው ይወርዳል። ጉማሬ በእርግጥም የሚግጠው ሌሊት በመሆኑ፣ ሁለቱ በጠባቧ መንገድ ላይ ሲተላለፉ የሚያሳየው ሥዕል ፈጠራ መሆኑ እስኪረሳ ድረስ ያሳምናል።

ሐሳቡም ለአካባቢው ባዕድ አይደለም። ከጣና በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ጭልጋ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የጥንት የዝሆን ዘመዶች ቅሪተ አካላት መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ከዛሬው ዝሆን በቁመት የሚያንሱ ነበሩ። መጽሐፉ ይህን በሁለት መስመር እንኳ አለማንሣቱ ያስቆጫል።

ከሁሉ የወደድኩት የግልገሏ ገጽ ነው። ግልገሏ እናቷን በአፏ ትጠባለች፤ ኩምቢዋን ገና ማዘዝ ስለማትችል ጭቃው ላይ ይጎተትባታል፣ አልፎ ተርፎም ትረግጠዋለች። የእውነተኛው ዝሆን ግልገልም እንዲሁ ነው። ልጄ «አባዬ፣ አፍንጫዋን ረገጠችው!» እያለች ይህን ገጽ ደጋግማ አስነብባኛለች።

ትልቁ ስሕተት የመንጋው መሪ ነው። ታሪኩ በሙሉ የሚያርፈው ውኃው በሸሸበት በጋ የድሮውን መንገድ በሚያስታውሰው መሪ ላይ ሲሆን፣ ሥዕሉ ግን ይህን ድርሻ ጥርሱ ለረዘመ ጎረምሳ ሰጥቶታል። የዝሆንን መንጋ የምትመራው በዕድሜ የገፋች እንስት ናት፤ ወንዶቹ ሲጎለምሱ ከመንጋው ይለያሉ። የብዙ በጋ ትዝታ የሚጠይቀውን ሥራ ለጎረምሳ መስጠት ታሪኩን ራሱን ያዳክመዋል። በሌላ ገጽ ላይ ደግሞ እንስሳው «እንደ ማንኛውም ዝሆን» በኩምቢው እንደ ስትሮ ይጠጣል ተብሏል። ለደንገሌ ብቻ ቢባል የፈጠራ መብት ነው ብዬ ባለፍኩት ነበር፤ ዝሆን ግን ውኃውን በኩምቢው ስቦ ወደ አፉ ያፈስሰዋል እንጂ በኩምቢው አይጠጣም።

ጥረዙ ደካማ ነው። ገጾቹ በኮላ ብቻ የተያያዙ በመሆናቸው በሁለተኛው ሳምንት የግልገሏ ገጽ ተገንጥሎ ወጣ፤ ሻጩም ሌላ ቅጂ እንደሌለው ነግሮኝ መለሰኝ። ገጹ አሁን ከልጄ አልጋ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።