መጠለያ ወይስ ክትባት?
ጣና ዳር ዓሣ የሚበለትበት ቦታ ጠዋት ብትሄዱ አንዲት ጆሮዋ የተተለተለ ቡናማ ውሻ የቀረሶ አንጀት እስኪጣልላት ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ታገኛላችሁ። ለእሷ ዓይነቶቹ ባለቤት አልባ ውሾች ሰፈራችን ሁለት ሐሳብ አለው፤ መጠለያ እንሥራ፣ ወይም አስከትበንና እንዳይወልዱ አድርገን እዚያው እንልቀቃቸው።

መጠለያው ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ኪራዩ፣ ምግቡ፣ ጠባቂው! ደግሞ ቶሎ ይሞላል፤ በለቀቁት ቦታም ሌሎች ውሾች ይተካሉ። ክትባት ሲሆን ግን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ ስርጭቱ ይቋረጣል፣ ሰውም ይተርፋል። መከራው ውሾቹን ለክትባት መያዙ ነው። ቡናማዋን ሦስት ቀን በዓሣ ጭንቅላት አባብለናታል።

እኔ ለክትባቱ ነኝ። መጠለያ ባጃጅ ለገጫቸውና እናት ለሌላቸው ቡችሎች ብቻ ይሁን፤ አንድ ግቢ ይበቃል።