ፌስታሌን ዘርግፈው ላነበቡልኝ ዶክተር

አራት ዓመት ሙሉ ሲያመኝ ኖሯል። አንገት፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ዳሌ፤ አንዱ ለቀቀኝ ስል ሌላው ይይዘኛል። አክንባሎ ማንሳት የሚያቅተኝ ቀን ነበር። ነጠላ ትከሻዬን ያመኛል ብዬ ለማን ልናገር? ሌሊቱን ተኝቼ አድሬ ጠዋት ስነሳ ድንጋይ ስሸከም ያደርኩ ይመስለኛል።

እናቴ ብርድ ነው አለች። ጎረቤት ሪህ ነው አለ። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጠኝ፣ ሌላው ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወግቶ ሸኘኝ። ወጌሻም ጋ ሄጃለሁ፤ እሱን እንኳ አታንሱብኝ። ከሁሉ ያቃጠለችኝ ግን «ምርመራሽ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብሽም» የምትለዋ ቃል ናት። ባለቤቴም ሳይቀር መጠራጠር ጀምሮ ነበር።

ስታዲየም አካባቢ የሚሠሩትን የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስት የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እግዜር ይስጣት። ሩማቶሎጂ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ሕክምና መሆኑን ራሱ ያን ቀን ነው የሰማሁት። የአራት ዓመት ወረቀቴን በፌስታል ይዤ ገባሁ። ዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው በየዓመቱ ደረደሩት። እያንዳንዱን አነበቡ። ስለ እንቅልፌ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ሐኪም እሳቸው ናቸው። የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ምርመራ ብቻ ጎድሎ ስለነበር እሱን አዘዙ። ያለውን አላስደገሙኝም፤ በዚህ ዘመን ይሄ ብቻውን ያስመሰግናል።

በሁለተኛው ቀጠሮ ፋይብሮማያልጂያ ነው አሉኝ። በደምም ሆነ በኤምአርአይ አይታይም። ሌሎቹን በሽታዎች ካጣሩ በኋላ፣ በብዙ የሰውነት ክፍል ላይ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም፣ የማያሳርፍ እንቅልፍና ድካም አንድ ላይ ታይተው ነው የሚታወቀው። «ሌባ ሲመጣም ቅጠል ሲረግፍም እኩል የሚጮህ ውሻ አይተሽ ታውቂያለሽ? ነርቮችሽ እንደዚያ ሆነዋል» አሉኝ። ሲገባኝ አለቀስኩ። ሶፍት አቀበሉኝና ዝም ብለው ጠበቁኝ።

ያዘዙልኝ ማታ ማታ የምትዋጥ 10 ሚሊግራም አሚትሪፕቲሊን ነው። ፋርማሲ ያለችው ልጅ «ይሄ የድብርት መድኃኒት እኮ ነው፣ ያውቃሉ?» አለችኝ። ዶክተሩ ቀድመው ነግረውኛል፦ በትንሽ መጠን ለእንቅልፍና ለሕመሙ ይረዳል። አፍ ያደርቃል፣ መጀመሪያ አካባቢ ጠዋት ያፈዛል። እናንተ ግን በእኔ ልክ ገዝታችሁ እንዳትውጡ።

ዋናው መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው ሲሉኝ ግን ተናድጄ ነበር። የሚያመኝን ሰው ተራመጂ? በቀን በአምስት ደቂቃ ጀመርኩ። አሁን በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ደርሼ እመለሳለሁ። የከበደኝ ሌላው ምክራቸው ነው፦ «ደህና በሆንሽ ቀን ሥራ ሁሉ ልጨርስ አትበይ።» አንድ ቅዳሜ ሻል አለኝ ብዬ ምንጣፍ አጥቤ ሦስት ቀን ተኛሁ።

አልዳንኩም፤ ዛሬም የሚብስብኝ ሳምንት አለ። ግን እተኛለሁ፣ እንጀራዬንም ራሴ እጋግራለሁ።

ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የድሮ ውጤቶቻችሁን አትጣሉ፣ ይዛችሁ ሂዱ። ወረፋው ረጅም ነው። አንዱን ሰው በደንብ ስለሚያዩ ሰዓት አይከበርም፤ ምሳችሁን በልታችሁ ግቡ።