አራት ጣሳ የወቅት ሻይ፦ ሶስቱ ሻይ ናቸው፣ አንዱ ግን ሽቶ

ሶስት ሳምንት ጠዋት ማታ ጠጥቻቸዋለሁ፣ እንግዳ ሲመጣም ምን እንደሆነ ሳልነግረው ቀድቼ ፊቱን አይቻለሁ፣ ስለዚህ በአንድ ስኒ የፈረድኩ እንዳይመስላችሁ። የሰሪውን ስም አልጠራም ምክንያቱም ወደ ታች ስወርድ ልወቅሰው ነው። ለእያንዳንዱ ወቅት አንድ ጣሳ፣ በአመት አንዴ ቅመማውን እየቀየሩ ነው የሚያወጡት።

የብርዱ አንደኛ ነው። መሰረቱ አሳም ነው፣ ጠቆር ያለ ጉልበተኛ ጥቁር ሻይ፣ ላዩ ላይ ቀረፋ፣ የብርቱካን ልጣጭና ቅርንፉድ። ቅርንፉድ ደግሞ ታውቁታላችሁ አይደል፣ አንድ ፍሬ ሲበዛ በቃ ሻዩ ጠፍቶ የጥርስ ሀኪም ቤት ይሸታል (ያው ዩጂኖል የሚባለው ዘይቱ እኮ ለጥርስም ይውላል)። እዚህ ግን ቅርንፉዱን የምታገኙት ከዋጣችሁት በኋላ ነው፣ መጀመሪያ ሻይ፣ ከዛ ብርቱካን፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ ጋ ሞቅ የሚል ነገር። ወተት ሲገባበትም አይጠፋም። ይሄን የሰራው ሰው እጁን መሰብሰብ የሚያውቅ ሰው ነው፣ የቀማሚ ጉብዝና ደግሞ ለኔ ከጨመረው ይልቅ ሳይጨምር በተወው ነው የሚታየው።

ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግፌም አየሁት። ቀረፋውና ልጣጩ ከቅጠሉ ጋር ተቀራራቢ መጠን ተደርገው ነው የተቆረጡት። ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ደቃቁ ሁሌም በጉዞ ላይ ወደ ታች ይሰምጣል፣ መጠኑ ካልተመጣጠነ የመጀመሪያው ስኒና የመጨረሻው ስኒ ሁለት የተለያየ ሻይ ይሆኑባችኋል።

የጸደዩ አረንጓዴ ሻይ በጃስሚን ነው። ክፈቱትና አበባ የለውም ብላችሁ እንዳትናደዱ፣ ጥሩ ጃስሚን ሻይ ላይ አበባው ማታ ሲፈካ ከቅጠሉ ጋር ተደባልቆ ያድርና ሽታውን ሰጥቶ ይለቀማል፣ በሌላ ትኩስ አበባ ደግሞ ይደገማል፣ ሻይ ሽታ መምጠጥ የሚችል ቅጠል ስለሆነ ነው የሚሰራው። የቀረችው አበባ ለጌጥ ናት። ይሄኛው ለስለስ ያለ ነው፣ ወድጄዋለሁ። ግን ጣሳው ላይ "በፈላ ውሃ" ብለው ጽፈዋል፣ ኧረ እባካችሁ! እንደተጻፈው አድርጌው አፌን አጨማደደው። 75 ወይ 80 ዲግሪ፣ ሁለት ደቂቃ፣ በቃ። እንዲህ አሳምሮ የሰራ ሰው መመሪያውን ማን እንደጻፈለት አላውቅም።

የሙቀቱ ከርከዴ፣ ጠጅ ሳርና ናና ነው፣ እንደ እውነቱ ከሆነ የሻይ ቅጠል የሚባል የለውም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ደስ የሚል ቀይ ይሆናል። ወተት እንዳትሞክሩ፣ እኔ በእንቅልፍ ልቤ ጨምሬ አይብ ሰራሁ፣ ከርከዴ አሲድ ነዋ።

አሁን ወደ ወቀሳው። ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ብለው የሰሩት ሩይቦስ ነው (ከደቡብ አፍሪካ ቁጥቋጦ የሚገኝ፣ እንደ ሻይ የሚፈላ ቀይ ቅጠል)፣ በአፕልና በቫኒላ ፍሌቨር የተረጨ። ክዳኑን ስትከፍቱት ቤቱ ሁሉ ኬክ ኬክ ይላል፣ ስትጠጡት ግን ምንም የለም፣ እርጥብ እንጨት። የሻይ ቀማሾች የሚጠቀሙበት አይኤስኦ 3103 የሚባል ስታንዳርድ አለ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ለ100 ሚሊ የፈላ ውሃ 2 ግራም ሻይ ስድስት ደቂቃ ነው የሚለው፣ ለመጠጥ ሳይሆን ጉድ ለማውጣት። በዚህ ሞከርኩት፣ ሽታው እንፋሎቱን ተከትሎ ሄደ፣ እኔና እንጨቱ ተፋጠጥን። ሩይቦስ ራሱ እኮ ማር ማር የሚል የዋህ ጣዕም አለው፣ የደረቀ አፕል ቁራጭና ትንሽ ቀረፋ ቢያደርጉበት ይበቃው ነበር።

የሚያናድደኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ አመቱን ሙሉ የሚሸጥ ቅይጥ የሚሰራ ሰው ስራው ምርቱ በየጊዜው ቢለዋወጥም ጣዕሙን አንድ ማድረግ ነው፣ ዘንድሮ አንዱ እርሻ ከደከመ ከሌላው እየሞላ። የወቅት ሻይ ላይ ግን ይሄ ግዴታ የለበትም፣ የዘንድሮ ቅጠል ምን እንደሚል ሰምቶ በዛ ላይ መስራት ይችላል። የብርዱና የጸደዩ ላይ ሰምተዋል። እዚህ ላይ ግን ጠርሙስ አንስተው ረጩ።

የብርዱን ለብቻው የሚሸጡት ከሆነ ሁለት ጣሳ እወስዳለሁ። የአፕሉን ቁም ሳጥን ውስጥ ልብስ መሃል አስቀምጬዋለሁ፣ እዛ ጎበዝ ነው።