ለቡ የገዛነው ባለ 2 መኝታ አፓርታማ፦ ፊኒሺንጉ ቆንጆ ነው፣ ግድግዳው ግን ያወራል

ከ5 ኮከብ ስንት ትሰጠዋለህ ካላችሁኝ ለብርሃኑ፣ ለውሃውና ለሊፍቱ 4፣ ለድምጹ 1፣ እናንተው አቻችሉት። ለቡ ነው፣ 5ኛ ፎቅ፣ ባለ 2 መኝታ። የሰራውን ድርጅት ስም አልጠራም፣ ቤት ፍለጋ ስንዞር እንዳየሁት አብዛኞቹ የሚሰሩት በዚሁ መንገድ ነው፣ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ትርጉም የለውም። ክረምቱንም በጋውንም ኖርንበት ስለዚ አሁን ስለሱ ማውራት ይቻላል።

ጥሩ ጥሩውን ቶሎ ብዬ ልለፈው። ጠዋት ፀሃይ ሳሎን ድረስ ትገባለች፣ ውሃ ሲጠፋ ታንከሩ ይደርስልናል፣ ኪችኑ ሰፊ ነው፣ ፓርኪንግ አያጣላም፣ ጥበቃዎቹ ጨዋ ናቸው። ሴልሷ ቤቱን ስታሳየን ስለ ቪው፣ ስለ ሴራሚኩ፣ ስለ ካቢኔቱ ነገረችን፣ ከጎረቤት ጋር የሚለየን ግድግዳ ባለ ስንት ብሎኬት ነው ብዬ ስጠይቃት ግን ሳቅ ብላ "እሱን እንኳን ኢንጂነሮቹ ናቸው የሚያውቁት" አለች። እሺ ብለን አለፍን።

ነገሩ እንዲ ነው። በአየር የሚመጣ ድምጽን፣ ማለትም ወሬ ቲቪ ሙዚቃ የልጅ ለቅሶ፣ የሚያስቆመው ክብደት ነው፣ ሌላ ተአምር የለም። የግድግዳው ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው ድምጽ በግምት 5 ወይ 6 ዴሲቤል (የድምጽ መለኪያው ነው) ይቀንሳል፣ ጆሯችን ደግሞ "በግማሽ ቀነሰ" የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲወርድ ነው። እኛ ሀገር የሚሰራበት ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ባለ 10፣ ባለ 15፣ ባለ 20 እየተባለ በሴንቲሜትር ይሸጣል፣ ባለ 10ሩ ሁለት በኩል ተለስኖ እንኳን ማታ ፀጥ ሲል የጎረቤትን ስልክ ንግግር ያሳልፋል። ብዙ ኮንዶሚኒየም ላይ የውስጥ ክፍፍሉ አግሮስቶን የሚባለው ቀላል ቦርድ ስለሆነ አንዱ ክፍል ያለው ሌላው ክፍል ያለውን ይሰማል፣ እሱ ግን የራስ ቤተሰብ ነው፣ ይቻላል። የሚያቃጥለው ከማታውቀው ሰው ጋር ሲሆን ነው።

የኛ ከጎረቤት ጋር የሚለየን ባለ 20 ነው፣ ከፎርማኑ አጣርቻለሁ፣ ግን የጎረቤት ቲቪ ዜና ቃል በቃል ይሰማን ነበር። ባለ 20 ብሎኬት በሁለት በኩል ልስን እንዲ መሆን አልነበረበትም። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ መብራት ሰሪው ስፖት ላይት ሊያስተካክል የጂፕሰሙን ኮርኒስ ሲከፍት መሰላል ላይ ወጥቼ በስልኬ ባትሪ አበራሁበት፣ ልስኑ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ቆሟል፣ ከዛ በላይ ብሎኬቱ ራቁቱን ነው፣ የመጨረሻው ረድፍና ቢሙ (ከላይ ያለው አግድም ኮንክሪት) መሀል ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ በክፍተቱ በኩል የጎረቤት ኮርኒስ ላይ ያለው መብራት ይታየኛል!! ማለት ከታች ቀለም ተቀብቶ የሚያምር ግድግዳ፣ ከላይ በኮርኒስ የተሸፈነ ቀዳዳ። ኮርኒስ ደግሞ ቀላል ነገር ነው፣ ድምጹ ወደላይ ይወጣል በቀዳዳው ይሻገራል በኛ በኩል ይወርዳል። ግንበኛ አምጥተን በአሸዋና ሲሚንቶ ደፈንነው፣ ከላይ ያለውንም አስለሰንነው፣ የግማሽ ቀን ስራ ነው፣ ዋጋውም ለዚ ሁሉ ንዝንዝ ምንም ማለት ነው። አሁን ቲቪው እንዳለ ይታወቃል፣ ምን እንደሚል ግን አይለይም። ኮርኒስ ያለው ቤት የምታዩ ሰዎች ይቺን ያዙ፣ አንድ ስፖት ላይት አስወርዳችሁ ውስጡን አብሩበት፣ ባለቤቱ እምቢ ካለም አንድ ነገር ነግሯችኋል።

የማብሪያ ማጥፊያና የሶኬት ሳጥኖችም እንደዛው ናቸው። የኛና የጎረቤት ሶኬት ጀርባ ለጀርባ ነው የተቀመጡት፣ ብሎኬቱ በሁለት በኩል ተቦርቡሮ መሀሉ ላይ ምንም አልቀረም። ሽንት ቤት ያለው ሻፍት፣ ቧንቧዎቹ ከላይ እስከ ታች የሚያልፉበት ክፍት ቦታ ማለት ነው፣ ራሱን የቻለ ሬድዮ ጣቢያ ነው፣ ማን ሻወር ገባ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ሁሉም እዛ ይተላለፋል።

አሁን ወደ ላይ ልውጣ፣ ከላይ ፎቅ የሚመጣው ሌላ በሽታ ነውና። እሱ በአየር አይደለም የሚመጣው፣ ሶሌታውን ራሱን፣ ማለትም በፎቅና በፎቅ መሀል ያለውን ኮንክሪት፣ ነው የሚያንቀጠቅጠው፣ ኮቴ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ኳስ፣ ሙቀጫ። ሶሌታው ላይ ቀጥታ ሴራሚክ ተለጥፎበታል፣ በመሀል ምንም የሚያለሰልስ ነገር የለም፣ ከታች ሆነህ ስትሰማው ከበሮ ውስጥ የገባህ ነው የሚመስለው። ይሄን ደግሞ ከታች ሆኖ ማከም ከባድ ነው፣ መድሃኒቱ ያለው ላይኛው ቤት ወለል ላይ ነው። ኮርኒስህን ድርብ አድርገህ ጥጥ ብትጠቀጥቅበት እንኳን ንዝረቱ በግድግዳው በኮለኑ ይወርዳል፣ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አይጠፋም።

የኛ ላይ የሚኖሩት አንድ እናት ከልጃቸው ጋር ናቸው፣ ቡና ይወዳሉ፣ ቡናው ደግሞ በማሽን አይፈጭም፣ ይወቀጣል፣ ሙቀጫው የሚቀመጠው ልክ ከኛ መኝታ ቤት በላይ ነው። እሁድ ጠዋት ወጣሁ፣ በሩን ከፈቱልኝ።

"እማማ ይቅርታ፣ ስለ ሙቀጫው ነበር የመጣሁት።"

"የምን ሙቀጫ?"

"ቡና ሲወቅጡ እኛጋ መኝታ ቤት ላይ ነው የሚያርፈው።"

"ውይ በሞትኩት! እስካሁን ምነው ዝም አላችሁ ልጄ? ግባ፣ አቦሉን ሳትጠጣ አትሄድም።"

ልጃቸው የዛኑ ቀን ከጎሚስታ ቤት ወፍራም የመኪና ጎማ ቁራጭ አስቆርጦ መጣ፣ ሙቀጫውን እሱ ላይ አስቀመጡት፣ ከስሩ ደግሞ አሮጌ ምንጣፍ ታጥፎ ገባ። እማማ በዘነዘናው ሲጀምሩ ባለቤቴ ከታች ደወለችልኝ፣ "መውቀጥ ጀመሩ ወይስ ገና ነው?" አለች። በዚ ቤት ላይ ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ እንደዚ ጎማ የሰራ የለም፣ ለዛውም የከፈልነው እኛ አይደለንም። የወንበር እግር ላይ የሚለጠፍ ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ ነገርም ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ኮቴው አሁንም አለ፣ እሱን ሰው በቤቱ አትራመድ አይባልም።

ቀጥሎ ሳውንድፕሩፍ እንሰራለን የሚሉትን ልገምግም። ሁለት አይነት ናቸው። አንደኛው ስፖንጅ ለጣፊ ነው፣ ያ ስቱዲዮ ውስጥ የምታዩት ጥቁር ባለ ጥርስ ስፖንጅ፣ ግድግዳችሁን በሙሉ እንለጥፍላችሁና ፀጥ ይላል ይላሉ። አይልም። ስፖንጅ የሚሰራው የክፍሉን የራሱን ማስተጋባት መቀነስ ነው፣ ለዘፋኝ ለፖድካስት ጥሩ ነው፣ ክብደት ስለሌለው ግን የጎረቤትን ድምጽ አያቆምም። የእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን መለጠፍም ያው ነው፣ ትርፉ አቧራና እሳት ነው። ቤታችን መጥቶ ለክቶ ዋጋ የሰጠን ልጅ ይሄን ስጠይቀው "ጋሼ ደንበኛ ግን ይወደዋል" አለኝ፣ ቢያንስ አልዋሸም።

ሁለተኛው አይነት ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጎ ብረት ፍሬም የሚያቆም፣ መሀሉ ላይ ሮክ ዉል ወይ ግላስ ዉል (ከድንጋይ ወይ ከመስታወት የሚሰራ ጥጥ መሳይ ነገር) የሚያስገባ፣ ከዛ ድርብ ጂፕሰም ቦርድ የሚመታበት ነው። ይሄ ይሰራል። መኝታ ቤታችን አልጋው ራስጌ ላይ ያለውን ግድግዳ ብቻ አሰራነው፣ ክፍሉ ከአስር ሴንቲሜትር በላይ ጠበበ፣ ቁምሳጥኑ አልገባ ብሎ መቆረጥ ነበረበት፣ አቧራው ሌላ ታሪክ ነው፣ ግን የጎረቤት ድምጽ ከዛ በኩል ሞተ ማለት ይቻላል። ለሰራተኞቹ 4 ኮከብ፣ አንዱን የቀነስኩት ሶስት ጎን በሲሊኮን አሽገው ከወለሉ ጋር የሚገናኘውን ክፍት ትተውት ሊሄዱ ሲሉ ስለያዝኳቸው ነው። ፍሬሙ ብረቱ ከድሮው ግድግዳ ጋር ከተያያዘ፣ ወይ ዙሪያው ካልታሸገ፣ ብራችሁ ሄደ።

ከውጪ የሚመጣውን በተመለከተ፣ ጥፋቱ መስኮቱ ነው። ስላይዲንግ አሉሚኒየም ነው፣ ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለችው ብሩሽ ብቻ ናት፣ አየር በሚያልፍበት ሁሉ ድምጽ ያልፋል። ዙሪያውን ጎማ ያለውና ሲዘጋ ተጭኖ የሚገጥም ተከፋች መስኮት ከዚ በብዙ ይሻላል፣ መስታወቱ ነጠላ ቢሆን እንኳን። የኛ መኝታ ቤት በጄኔሬተሩ በኩል ስለሆነ መብራት ሲጠፋ እናውቃለን፣ አምፖሉን ሳናይ። ድርብ መስታወት ዋጋ ጠይቄ ለጊዜው ተውኩት፣ የህንጻው ኮሚቴ ጄኔሬተሩን በብሎኬት ይከለል የሚለውን ተቀብሎታል፣ እሱ መጀመሪያ ይሰራ።

ቤተክርስቲያንና መስጊድ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ እወቁት። ነሐሴ ላይ በፍልሰታ ሌሊቱን ሰዓታት፣ ቀን ደግሞ ቅዳሴ አለ፣ በረመዳን ደግሞ ተራዊህ፣ ንጋት ላይ አዛን። እኔ በበኩሌ አይረብሸኝም፣ እንደውም ደስ ይለኛል፣ ግን እንቅልፍ የሚቸግረው ሰው ቤት ያየው በጥር ከሆነ ነሐሴን አያውቀውም። ደግሞ እነሱ ከህንጻው በፊት የነበሩ ናቸው፣ ገዝቶ ገብቶ መክሰስ አይሆንም። ባርና ላውንጅ ያለበት ጎዳናም እንዲሁ፣ ቅዳሜ ማታ ሳታዩ አትፈርሙ።

አንድ ማንም የማያነሳው ነገር አለ፣ የአዲስ ህንጻ ጫጫታ። ብዙው ቤት የሚረከበው ሴሚ ፊኒሽድ ነው፣ እያንዳንዱ ባለቤት ብር ሲያገኝ ይጨርሳል፣ አንዱ ዘንድሮ ሴራሚክ ያስቆርጣል፣ ሌላው ከርሞ ቁምሳጥን ያስመታል፣ ግራይንደርና ድሪል አይቋረጥም። በቅርብ ጊዜ በአሉሚኒየም ፎርምወርክ (ኮንክሪት የሚፈስበት ቅርጽ) ግድግዳቸው ሁሉ ኮንክሪት ሆኖ የሚሰሩ ህንጻዎች አሉ፣ እነሱ ለወሬና ለቲቪ በጣም ጥሩ ናቸው ምክንያቱም ከባድ ናቸው፣ ግን 2ኛ ፎቅ ላይ ድሪል ሲመታ 7ኛ ፎቅ ያለው ሰው ጎረቤቱ የሚቦረቡር ይመስለዋል። አንዱን ስታገኝ አንዱን ትለቃለህ።

ህግ የለም ወይ ለምትሉ፣ አለ። የ1952ቱ የፍትሐብሔር ህግ አንቀጽ 1225 ባለቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን እንዳያውክ ይላል፣ ጭስ ሽታ ድምጽና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ በስም ጠቅሶ። የጋራ ህንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ 370/1995 ደግሞ የባለቤቶች ማህበር መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ያደርጋል፣ የድሪልና የሙዚቃ ሰዓት እዛ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፣ እኛ አስገብተናል፣ እሁድ ድሪል የለም። ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው የድምጽ ልክ በቀን 55 በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ግን እነዚ ሁሉ የሚይዙት የሚጮኸውን ሰው ነው፣ ግድግዳው ቀጭን ሆኖ ጎረቤትህ በልኩ ሲያወራ ብትሰማው ማንን ትከሳለህ? ስለዚ ህንጻው ገና ጉድጓድ ላይ እያለ የምትገዙ ውሉ ላይ የብሎኬቱን ውፍረት፣ ልስኑ እስከ ሶሌታው እንደሚደርስ፣ የመስኮቱን አይነት አጽፉ። ሴራሚኩን ከየትኛው ሀገር እንደሚያመጡት ሳይቀር ይጽፋሉ፣ ይሄንንም ይጻፉ።

ያለቀ ቤት የምታዩ ደግሞ ከደላላው ጋር ቀን 8 ሰዓት ላይ ሳይሆን ማታ 2 ሰዓት ሂዱ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ። አንዳችሁ ኮሪደር ላይ ቁሙና ስልክ ላይ ዘፈን ክፈቱ፣ ሌላው መኝታ ቤት በሩን ዘግቶ ይስማ። ላይኛው ቤት ሰው ካለ አንኳኩታችሁ ሰላም በሉ፣ ልጆች አሉ ወይ፣ ምንጣፍ አለ ወይ፣ በአይን ይታያል። ደላላው "ሰፈሩ ፀጥ ያለ ነው" ካለ ስለ መንገዱ ነው የሚያወራው።

የመጨረሻውን ፎቅ ልግዛ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ጓደኛ ነበር፣ ከላይ ማንም ስለሌለ። ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ግን የሊፍቱ ማሽንና የውሃ ታንከሩ የት እንደሆነ ጣሪያ ላይ ወጥተህ እይ አልኩት፣ ወጣ፣ ታንከሩ መኝታ ቤቱ ላይ ነው። በሌላኛው ጫፍ ያለውን ቤት ወሰደ።