ጅማ ውስጥ ዶሮ ለምታረቡ፦ «የደረቀ ጉዝጓዝ» እየተባለ የሚሸጠውን ጆንያ ሳትፈቱ አትግዙ

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ ደረቅ ጉዝጓዝ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጭዴ አልቆ ጨንቆኝ ሳለ አንድ ነጋዴ «ለእንቁላል መጣያ ሳጥን ተብሎ የተዘጋጀ፣ የደረቀ፣ መድኃኒት የተረጨበት» ብሎ ስድስት ጆንያ በባጃጅ አምጥቶ ደጃፌ ላይ አራገፈልኝ። አንዱን በ180 ብር ሒሳብ ከፈልኩት። የአንዱን ጆንያ አፍ ፈታ አድርጎ ሲያሳየኝ ነጭ፣ ጥቅልል ያለ የእንጨት ፍቅፋቂ ነበር፤ የጽድ ሽታው ደስ ይላል። የቀሩት በነጭ ሲባጎ ተሰፍተው ስለነበር አልፈታኋቸውም።

ፍቅፋቂው ከአፉ አንድ ስንዝር ብቻ ነበር። ከሥሩ ያለው የጀንፈል፣ ማለትም የቡና፣ ገለባ ነው፤ ያውም ዝናብ የመታው። እጄን እስከ ክርኔ ስሰድ መሐሉ እንደ ቦካ ሊጥ ለብ ብሎ አገኘሁት። ጨብጬ ስለቀው አልተበተነም፤ የጣቶቼ ቅርጽ እንደታተመበት መዳፌ ላይ ቀረ። በውስጡም ነጭ የሻጋታ ክር ይታያል። ያን ጊዜ መድፋት ሲገባኝ «ከምንም ይሻላል» ብዬ ጥቂት አናፈስኩና አሥራ ሁለቱም ሳጥኖች ላይ አነጠፍኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

በአራተኛው ቀን እንቁላሉ በቡናማ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሮ መውጣት ጀመረ፤ የምሸጥለት ሆቴልም ሁለት ትሪ መለሰብኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ዶሮዎቹ አንገታቸውን እየዘረጉ፣ አፋቸውን ከፍተው መተንፈስ ያዙ። ከስልሳዎቹ ሰባቱ ሞቱብኝ። የእንስሳት ሐኪም አንዷን ከፍቶ ሳንባዋን አሳየኝ፤ የማሽላ ፍሬ የሚያካክሉ ቢጫማ እባጮች ነበሩበት። አስፐርጂለስ የሚባል ሻጋታ ነው። ዶሮዎቹ ብናኙን ከጉዝጓዙ ይስቡታል፣ አንዴ ሳንባ ከያዘ በኋላ ደግሞ ይህ ነው የሚባል መድኃኒት የለውም።

የቡና ገለባን በደፈናው አልነቅፍም። በበጋ በፀሐይ ተሰጥቶ በደንብ ከደረቀ ለወለል የሚጠቀሙበት አሉ። ነገር ግን እርጥበት ይመጥጣል፣ ሲርስ ቀለሙን ለእንቁላሉ ይሰጣል፣ በእኛ ከተማ ክረምትም ቶሎ ይሻግታል። እንቁላል መጣያ ሳጥን ውስጥ ጉዳቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም እንቁላል ከዶሮዋ ሲወጣ ሙቀቱ ወደ 41 ዲግሪ ይጠጋል፣ ቅርፊቱም በሺህ የሚቆጠሩ ረቂቅ ቀዳዳዎች አሉት። እየበረደ ሲሄድ ውስጡ ይኮማተርና ከውጭ ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል። ያረፈበት ነገር እርጥብና ሻጋታ ከሆነ የሚስበው ያንን ነው። የቆሸሸውንም በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ያንኑ ጉዳት ያባብሳል፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ለቤት አድርጉት።

ስለዚህ ጆንያ ሲመጣላችሁ ስፌቱን አስፈቱና መሬት ላይ አስገልብጡት። «ተሰፍቶ ነው የሚሸጠው» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ መልሱት። ከመሐሉ ዘግናችሁ ጨብጡ፤ ስትለቁት ካልተበተነ እርጥብ ነው። አሽትቱት። ወደ ላይ በተን አድርጉት፤ እንደ ዱቄት የሚቦን ከሆነ ሰጋቱራ ተቀላቅሎበታል፣ ለዶሮ መተንፈሻ አይሆንም። ከምን እንጨት እንደወጣም ጠይቁ፤ ከችፑድ፣ ከኮምፔንሳቶ ወይም ቀለም ከተቀባ እንጨት የወጣው ሙጫና ኬሚካል አለበት። ለእኔ የሸጠልኝን ነጋዴ ስለ «መድኃኒቱ» ስጠይቀው ስሙን መጥራት አልቻለም ነበር፤ ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ደግሞስ በርጩማውና የእንጨት ሥራው አገር ያወቀው ጅማ ተቀምጠን ፍቅፋቂ ከአታላይ የምንገዛበት ምን ምክንያት አለ? እኔ አሁን ከሠፈሬ አናጺ ቤት ራሴ ሄጄ፣ ከመላጊያው ሥር የወደቀውን እያየሁ አፍሳለሁ፤ የምከፍለው ከነጋዴው ዋጋ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ፀሐይ ስትወጣ ሸራ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ከዚያ በየሳጥኑ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል አነጥፋለሁ። የጤፍ ጭድም ለስላሳ ነው፣ ከረጠበ ግን በዚያው ቀን መለወጥ አለበት፤ ቅንቅን እንዳይራባበትም ሥር ሥሩን መፈተሽ ያስፈልጋል። ማታ ማታ ሳጥኖቹን እዘጋለሁ፤ ዶሮ ከተኛችበት በኩስ ታበላሸዋለች።

የተረፈውን አራት ጆንያ ገለባ ከጓሮ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩት፤ ለዚያ ይሆናል። ገንዘቤን እንዲመልስልኝ ለነጋዴው ሦስት ጊዜ ደወልኩ። መጀመሪያ «እናያለን» አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ አያነሳም። ባለፈው ቅዳሜ ግን እዚሁ ጅማ መርካቶ አጠገብ አየሁት፤ ያንኑ በነጭ ሲባጎ የተሰፋ ጆንያ ባጃጅ ላይ እየጫነ ነበር።