ከተርሚናል ኢሜይል መላክ፦ የመት እና የኤምኤስኤምቲፒ ግምገማ

በየማታው የሽያጭ ሪፖርት መላክ ያለበት ሰርቨር፣ ባክአፕ ሲያልቅ «አልቋል» ማለት ያለበት ስክሪፕት፣ ለ40 ሠራተኞች ለየራሳቸው የደመወዝ ደረሰኝ የሚያደርስ ኮምፒውተር፤ እንዲህ ዓይነት ሥራ ብራውዘር እየከፈቱ አይዘለቅም። ሊኑክስ ላይ በነፃ ከሚገኙት መላኪያዎች ተመራጩ የመት እና የኤምኤስኤምቲፒ ጥንድ ነው። ማይክል ኤልኪንስ እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው መት ርዕሱን፣ ጽሑፉንና አባሪውን በደንቡ ጠቅልሎ ያሰናዳል። ኤምኤስኤምቲፒ የተሰናዳውን ተረክቦ ለኢሜይል ሰርቨሩ ያደርሳል። (የመትን ስም በእንግሊዝኛ ሆሄያቱ መሠረት ብንጽፈው እርግማን ስለሚሆን በድምፁ ጽፈነዋል።)

አብዛኛው መመሪያ ግን «ሜይል» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ ይላል። በዚያ ስም የሚጠሩት ፕሮግራሞች ከሦስት አያንሱም፣ ጠባያቸውም አንድ አይደለም። ፋይል ለማያያዝ ኤስ-ኔይል ሰረዝ ትንሿን ኤ ይፈልጋል፤ ጂኤንዩ ሜይልዩቲልስ ትልቋን ኤ። ቢኤስዲ-ሜይልኤክስ ላይ ትንሿ ኤ ራስጌው ላይ (ርዕስና አድራሻ የሚሰፍርበት የደብዳቤው አናት) መስመር ትጨምራለች እንጂ ፋይል አታያይዝም፤ የፋይሉ ስም ራስጌው ውስጥ ይሰነቀርና ደብዳቤው ባዶ እጁን ይሄዳል። አንዱ ማሽን ላይ በትክክል ሲሠራ የከረመ ስክሪፕት ሌላው ላይ ሲገለበጥ አባሪ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ለአማርኛ ደግሞ ቢኤስዲ-ሜይልኤክስ ሌላ መዘዝ ሊኖረው ይችላል፤ ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ደንብ) መሆኑን የሚናገረውን የራስጌ መስመር በራሱ ላይጨምር ይችላል። ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፣ የመጀመሪያው ባይትም ከሀ እስከ ፐ አንድ ነው። ተቀባዩ ፕሮግራም ጽሑፉን ላቲን ነው ብሎ ከገመተው ያ ባይት ጭረት ያረፈባት የላቲን ኤ ሆኖ ይታያል። ገጹን ይህች ኤ ከሞላችው ፊደሎቹ በሰላም ደርሰዋል፤ የጎደለው ያ መስመር ነው።

ወደ ጥንዱ እንመለስ። ዴቢያን እና ኡቡንቱ ላይ መትን፣ ኤምኤስኤምቲፒን እና ኤምኤስኤምቲፒ-ኤምቲኤን በአፕት (በፕሮግራም መጫኛው) ትጭናላችሁ። ሦስተኛው ኤምኤስኤምቲፒን ሴንድሜይል በሚል ስም ስለሚያቀርበው ክሮንም (ሥራን በተያዘለት ሰዓት የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሌሎች ፕሮግራሞችም ሳይነገራቸው በእሱ በኩል ይልካሉ። መት በራሱም ከሰርቨር ጋር መነጋገር ይችላል፤ ሁለቱን የምናጣምረው ክሮንና ሌሎቹም በዚያው በኩል እንዲልኩ ሲባል ነው።

የኤምኤስኤምቲፒ ማስተካከያ ፋይል ከ10 መስመር አይበልጥም፦ የሰርቨሩ ስም፣ ፖርት፣ የላኪው አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስም፣ ፓስወርድ፣ ቲኤልኤስ (ምስጠራው) ይብራ፣ ማረጋገጫ ይብራ፣ ሎግ የሚጻፍበት ቦታ። ፖርቱን መጻፍ ከረሳችሁ 25ን ሊሞክር ይችላል፤ ያንን ደግሞ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ይዘጉታል። 587 ከሆነ ስታርትቲኤልኤስ (ከሰላምታ በኋላ ምስጠራ የሚያስጀምረው) እንደበራ ይቆይ። 465 ከሆነ አጥፉት፤ 465 ላይ ሰርቨሩ ምስጠራው ከመጀመሪያዋ ባይት እንዲጀመር ይጠብቃል፣ ስታርትቲኤልኤስ የበራለት ኤምኤስኤምቲፒ ደግሞ የሰርቨሩን ሰላምታ ይጠብቃል። በር ላይ ቆመው «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» እንደሚባባሉ እንግዶች ጊዜው እስኪያልፍ ተያይተው ይቆማሉ።

ፓስወርዱ ፋይሉ ውስጥ ከተጻፈ ፈቃዱ በቺሞድ (የፋይል ፈቃድ በሚቀይረው ትእዛዝ) 600 መሆን አለበት፤ ሌላ ሰው ሊያነበው የሚችል ከሆነ ኤምኤስኤምቲፒ አልልክም ይላል፣ ልክም ነው። የተሻለው ግን ፓስወርዱን በጂፒጂ (በማመስጠሪያው ፕሮግራም) መስጥሮ ፓስወርድኢቫል በሚለው መስመር ማስነበብ ነው። ጂሜይል ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለግል አካውንት የተለመደውን ፓስወርድ ከእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም አይቀበልም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርታችሁ ባለ16 ፊደሉን አፕ ፓስወርድ ታወጣላችሁ፤ አራት አራት ተደርጎ ቢታይም ክፍተቱን ትታችሁ ጻፉት። አፕአርመር (ፕሮግራሞች የሚነኩትን ፋይል የሚገድበው የሊኑክስ ጠባቂ) ስለበራ ብቻ የሚመጣም ጣጣ አለ፦ ሎጉ ያልተለመደ ፎልደር ውስጥ ከሆነ ወይም ፓስወርዱን የሚያወጣው የራሳችሁ ስክሪፕት ከሆነ ፈቃዱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ይከለከላል። ሎጉን መነሻ ፎልደራችሁ ውስጥ አድርጉት።

የመት ትእዛዝ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መት፣ ሰረዝ ኤስ እና ርዕሱ በጥቅስ፣ ሰረዝ ትንሿ ኤ እና ፋይሎቹ፣ ከዚያ ብቻቸውን የቆሙ ሁለት ሰረዞች፣ በመጨረሻ የተቀባዩ አድራሻ። ሁለቱ ሰረዞች ከተረሱ መት አድራሻውን ሌላ የሚያያዝ ፋይል አድርጎ ይቆጥረዋል። ጽሑፉን በፓይፕ ወይም ከፋይል ስጡት፤ ካልሰጣችሁት አርታኢ ከፍቶ ሰው ይጠብቃል፣ ስክሪፕት ውስጥ ደግሞ ሰው የለም። ባዶ ጽሑፍ ከፈለጋችሁ ዴቭ-ነልን (የሊኑክስን ባዶ ፋይል) አቀብሉት።

መት የላከውን ሁሉ መነሻ ፎልደሩ ውስጥ ያስቀራል። አባሪ በቤዝ64 (ፋይልን ወደ ተራ ፊደላት በሚቀይረው አጻጻፍ) ሲጠቀለል በሲሶ ያህል ስለሚያብጥ በየቀኑ 5 ሜጋባይት የሚልክ ስክሪፕት በወር ወደ 200 ሜጋባይት ያከማቻል። ጂሜይል የተላከውን ራሱ ስለሚያስቀምጥ መት ላይ ኮፒ የሚለውን ማስተካከያ አጥፉት። እብጠቱን መጠን ስታሰሉም አትርሱት፦ ፖስትፊክስ የተባለው የኢሜይል ሰርቨር ሳይነካ የሚመጣበት ገደብ 10,240,000 ባይት ነው፣ ስለዚህ ከ7 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ባትሞክሩ ይሻላል።

መት ከሁሉም በላይ ዋጋውን የሚያሳየው የአማርኛ ርዕስ ላይ ነው። የኢሜይል ራስጌ በደንቡ ላቲን ብቻ ስለነበረ ሌላ ፊደል እየተቆራረጠ ይጠቀለላል፣ አንዱ ቁራጭ ከነመጠቅለያው ከ75 ምልክት ማለፍ አይችልም። መጠቅለያው 12 ይወስዳል፤ ከቀሪው 63 ቤዝ64 በአራት በአራት ስለሚሄድ 60 ይሞላል፣ ይህም 45 ባይት፣ ማለትም ልክ 15 ፊደል ነው። ክፍት ቦታ ግን 1 ባይት ብቻ ናት፣ ስሌቱንም የምታዛባው እሷ ናት። «የቅርንጫፎቻችን ወርሃዊ የሽያጭ ሪፖርት» የሚለውን በ45 ባይት ብትቆርጡት ቢላው «ሽ» ላይ ያርፋል፤ አንድ ባይቷ ከፊተኛው ቁራጭ ሁለቱ ከኋለኛው ይቀራሉ፣ አንባቢውም «የሽያጭ» የሚለው ቃል ውስጥ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ያያል። በእጅ የተጻፉ ስክሪፕቶች ዘወትር የሚወድቁት እዚህ ነው። መት የሚቆርጠው በፊደል ወሰን ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ግን መት ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ካወቀ ነው። ተርሚናል ላይ ያውቃል፤ ክሮን ግን የቋንቋ ቅንብራችሁን ይዞ ላይነሳ ይችላል፣ ስለዚህ ቀን በእጅ ሲሞከር ያማረው ደብዳቤ ሌሊት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊሄድ ይችላል። ክሮንታቡ (የክሮን የሥራ ዝርዝር ፋይል) አናት ላይ ኤልሲ-ኦል የሚባለውን የቋንቋ ቅንብር ዋጋ ሲ-ነጥብ-ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ይበቃል።

የጥንዱ ትልቁ ድክመት ወረፋ አለመኖሩ ነው። ኤምኤስኤምቲፒ አንዴ ይሞክራል፣ ካልተሳካ የስህተት ቁጥር መልሶ ይወጣል፤ ኔትወርክ በተቋረጠባት ደቂቃ የተላከ ሪፖርት ያለ ወራሽ ይቀራል። ከፓኬጁ ጋር የሚመጣው ኤምኤስኤምቲፒ-ኪው የተባለ ስክሪፕት ያልሄደውን አስቀምጦ በኋላ ይልካል፣ ግን ለብቻው ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ያንን ካልፈለጋችሁ ስክሪፕታችሁ የኤምኤስኤምቲፒን የስህተት ቁጥር ይይ (መት ሲወጣ የራሱን ቁጥር ስለሚመልስ፣ የኤምኤስኤምቲፒን ከመት የስህተት መልእክት ላይ ያንብብ)፦ 75 ከሆነ ጊዜያዊ ነው፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይሞክር። 77 ከሆነ ሰርቨሩ ማንነታችሁን አልተቀበለም፤ ደጋግሞ መሞከር አካውንቱን ከማስቆለፍ በቀር ፋይዳ የለውም፣ ስክሪፕቱ ቆሞ ሰው ይጥራ።